የሚጾም በሽታ

ዘንድሮ በረመዳን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ ውሃ ጠጥቻለሁ። ከዚህ ጀምሪልኝ። ሌላ ሰው ከሚያወራው እኔው ብናገረው ይሻላል።

ሶፊ በሚባለው ገጠር፣ አባቴ እርሻ ላይ፣ ልጅ ሆኜ መጾም ከጀመርኩ ወዲህ ያለ ምክንያት አንድም ቀን አፍርሼ አላውቅም። የወር አበባ ሲሆን፣ ወሊድ ሲሆን፣ እሱ ለሴት የተፈቀደ ነው፤ ያመለጠኝን ቀን ቆይቼ በመጾም ቀዳ አወጣለሁ። አሁን ግን አሮጊት ነኝ። ሳል የለኝም፣ ትኩሳት የለኝም፣ ዘንቢሌን ይዤ በእግሬ ጊደር መጋላ ገበያ እሄዳለሁ። ለሚያየኝ ሰው ጾም የሚያስፈታኝ ነገር የለም። ለእኔ ለራሴም አይታየኝም። ቢሆንም ጠጥቻለሁ።

ለምን እንደሆነ ለመናገር ከባሌ፣ ከአያትሽ፣ መጀመር አለብኝ። አንቺ የምታውቂውንም እደግማለሁ፤ የምትጽፊው ለማያውቅ ሰው ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አማርኛዬም የገበያ አማርኛ ነው። የተሳሳተውን አቅኚ፣ ግን አታሳምሪው።

አያትሽ ልብስ ሰፊ ነበር። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ የማያውቅ የለም፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ጩኸት ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው ቀኑን ሙሉ ሲረግጡ ይውላሉ፤ እሱም ከነሱ አንዱ ነበር። የተዋወቅነውም እዚያው ነው። ከሶፊ ሽንኩርት ይዤ መጥቼ ሸጬ፣ ቀሚስ አሰፋሁ። ሰፍቶ ሲያበቃ ሁለት ሰው ያስገባል። ላስጠብብ ተመልሼ መጣሁ። አሁንም ሰፊ ነው። ሦስተኛ ስመጣ፣ «አንተ፣ መለካት አትችልም እንዴ?» አልኩት። «እችላለሁ፤ በአንዴ ከለካሁ ግን አትመለሽም» አለኝ። እንዲህ ነው የተጋባነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ሳል ጀመረው። ማንም ጉዳዬ ያለው የለም። ልብስ ሰፊ ሁሉ ያስላል፤ የጨርቅ ብናኝ ነው ይባላል። እኔን ያስደነገጠኝ ሳሉ አይደለም። ሱሪው ነው። አያትሽ ልብሱ ላዩ ላይ ሰፍቶ ሲንጠለጠል አይወድም። ሲከሳ ሱሪውን በጎን በኩል ያጠበዋል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያጠበዋል። በእጁ ስለሆነ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስለሆነ፣ ለእሱ አይታወቀውም፤ ሱሪው ሁልጊዜ ልኩ ነው። እኔ ሳጥብ ከውስጥ ስገለብጠው አንዱ ስፌት ከሌላው ጎን፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ጎን፣ እንደ እርሻ ትልም ተደርድሯል። ገልብጬ አሳየሁት። አየው፣ አየውና፣ «ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ የሰፋሁት?» አለ።

ጤና ጣቢያ ሄደ። አክታውን አዩት። ቲቢ ነው አሉት፣ ሳምባ።

መድኃኒቱ መርፌም ነበረው፣ ክኒንም ነበረው። ጤና ጣቢያው ከግንቡ በር ውጭ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይሄዳል። ክኒኑን ወደ ቤት አይሰጡም። ሲስተሯ ቆማ እያየች ነው የሚዋጠው፤ ከዋጠ በኋላም አፍህን ክፈት ትላለች። ሲስተሯ ክርስቲያን ናት፣ የውጭው ከተማ ልጅ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማትስቅ። አያትሽ አፉን ሲከፍትላት፣ «ጥርሴን ጨርሰሽ ቆጥረሻል፣ ካንቺ በላይ የሚያውቀኝ የለም» ይላት ነበር። ክኒኑ ሽንቱን እንደ ቀይ ሻይ አደረገው። መጀመሪያ ቀን ከመታጠቢያው ጠርቶኝ አሳየኝ። እኔም አየሁ። ደም መስሎን ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ኋላ ለመድነው።

ዳነ። ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ዓይናችን እያየ ዳነ። ሳሉ ቆመ፣ ሌሊት የሚያጠምቀው ላብ ቆመ፣ ገንፎውን ጨርሶ ጨምሪልኝ አለ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሱሪውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስፌቱን በምላጭ ይፈታል። የመጨረሻውን ስፌት ፈታ፣ ከሱ በፊት ያለውን ፈታ፣ ሌላውንም። ወደ ጥንቱ ልኩ መለሰው። ለብሶ ቆመና፣ «እስቲ እዪኝ» አለ። አየሁት። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ከዚያ ረመዳን ገባ።

በረመዳን በሽተኛ ይብላ ተብሏል፤ ይሄ ይታወቃል። አያትሽም ያውቃል። ግን የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተነስቶ ወደ ጤና ጣቢያው አልሄደም፣ ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። አልጠየቅኩትም። መድኃኒቱ እንደሚቆይ ነግረውታል፣ ገና ብዙ ወር ይቀረዋል። ለእኛ ግን መድኃኒት ማለት እስኪሻልሽ የሚወሰድ ነገር ነበር። ደግሞ ረመዳን ለልብስ ሰፊ የሥራ ወር ነው። የዒድ ልብስ ያላሰፋ ሰው የለም፤ ጨርቁ ከወንበሩ በላይ ይከመራል። እኔም ቁልፍ ልተክል፣ ጠርዝ ልጠልፍ ከጎኑ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ሲስተሯ ራሷ መጣች። ያን ጠባብ መንገድ በነጭ ገዋኗ ብትገባ ሁሉም ሰው ለማን እንደመጣች ያውቃል። እሷ ግን ገዋኗን አውልቃ፣ ጨርቅ ታቅፋ ነው የመጣችው።

«ቀሚስ ላሰፋ ነው» አለችው።

አያትሽ በረመዳን ሴት አይለካም። ሜትሩን ለእኔ ሰጠኝ። እኔ እለካለሁ፣ ቁጥሩን አንብቦ በጠመኔ የሚጽፈው እሱ ነው። እጇን አነሳች፤ ብብቷ ሥር ሜትሩን ሳዞር በጆሮዬ አጠገብ ቀስ ብላ ተናገረች፤ የምታናግረው ግን እሱን ነው።

«ጋሼ፣ ለምን ቀሩ?»

«ረመዳን ነው።»

«በሽተኛ ይፈቀድለት የለም? እኔ እንኳ አውቃለሁ።»

«ለበሽተኛ ይፈቀዳል። እኔ በሽተኛ ነበርኩ።»

«ሳሉ ነው የቆመው። በሽታው አልወጣም።»

«ከየት?»

«ከውስጥዎ።»

«ውስጤን አይተሽዋል?»

ዝም አለች። እሱ ከወንበሩ ተነሳና የሱሪውን ወገብ ይዞ አሳያት።

«ይሄን እዪ። በሽተኛ ሰው ጠቦት ሱሪ ያሰፋል? እኔ አፍርሼ ብበላ፣ ለምን ሲሉኝ ታምሜ ነው ልል ነው። አልታመምኩም። ታዲያ የምዋሸው ለማን ነው? ለሰው ነው? ሰውስ ይሁን፣ ለአላህስ?»

መኪናዎቹ አንድ በአንድ እየቆሙ ነበር። አጠገቡ ያለው ሰፊ፣ ነገረኛ ነው፣ ያለ ገዋኗም አወቃት፣ አንገቱን አስግጎ፣ «ሲስተር፣ ለእኛም መርፌ የለሽም? የኛ ሁሉ ተሰበረ» አላት። ሌሎቹ ሳቁ። አያትሽ ዞር ብሎ፣ «ስፉ እንጂ፣ ዒድ ደርሷል» አላቸው። መኪናው እንደገና ጮኸ።

ሲስተሯ በጩኸቱ መሀል ከጡቷ ሥር የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጨርቁ ውስጥ ከተተችው። «ሱሁር ላይ፣ ሳይነጋ ሲበሉ፣ ይዋጡት። ለወሩ ነው። መስጠቴን ከሰማ አለቃዬ ይቆጣኛል፣ ለማንም አይንገሩ» አለች። እኔንም አየት አደረገችኝ። ከዚያ ጮክ ብላ፣ «እጅጌው ረዘም ይበል!» ብላ ሄደች።

አያትሽ ጥቅልሉን ፈትቶ አየው። ዋጋ ያለው ነገር እንደሆነ ያውቃል። የልብስ ቁልፍ የሚያስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ነበረው፤ እዚያ ውስጥ ከተተውና ከደነው። «ለባሰበት ሰው ይሆናል» አለኝ። እንዲህ ያለው ከንፉግነት አይደለም። እውነቱን ነው፤ መድኃኒት ለታመመ ሰው ነው ብሎ ነው።

ረመዳኑን ጾመ። ከዒድ በኋላ ያሉትን ስድስቱን ቀንም ጾመ። ከዚያ ሹዋሊድ መጣ፤ የኛ ከተማ ለስድስቱ ጾም መጨረሻ የሚያከብረው በዓል ነው፣ ከበሮ ይመታል፣ ሰው ዚክር ሲል ያመሻል። አያትሽ ድምፁ ጥሩ ነበር። ሲታመም ትቶት ነበር፤ ያን ቀን አወጣው። ረጅሙን እስትንፋስ ይዞ ሄደ፣ ሄደ፣ ሳይቆርጠው። ከሴቶቹ በኩል ሆኜ ሳል ይመጣ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም።

ወደ ጤና ጣቢያ አልተመለሰም። ምን ብሎ ይመለሳል?

ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ሹዋሊድ ሲደርስ ሱሪውን ሳጥብ ገለበጥኩት። አዲስ ስፌት አለበት። አንጠልጥዬ ይዤለት ገባሁ። አየው። ተነስቶ የቁልፉን ቆርቆሮ ከፈተ፣ ያን ክኒን አወጣ፣ መጀመሪያ እሱን በራሱ መዋጥ ጀመረ። ጊዜው ያለፈበት ነበር ይሆናል፣ አላውቅም። ያ ሲያልቅ ነው ጤና ጣቢያ የሄደው።

ሁለተኛው ጊዜ ሁሉንም አደረገ። መርፌውን ተወጋ፣ ክኒኑን ዋጠ፣ አፉን ከፈተ፣ ረመዳን መጣ፣ በረመዳንም ዋጠ። ቀልዱንም ተወ። ሲስተሯ አንድም ቀን «አላልኩዎትም ነበር?» አላለችውም። መድኃኒቱ ግን አልያዘውም። ደም አስተፋው። በበጋ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ዕቃውን ሲያነሳ ሞተ።

አላለቀስኩም። ሴቶቹ ሲያለቅሱ አብሬ ድምፅ አሰማሁ፤ እንባ ግን አልነበረም። ልቤ ውስጥ ጥጥ የጠቀጠቁበት ይመስል ነበር። ሲስተሯ ለቅሶ መጣች። አያትሽ የሰፋላትን ቀሚስ ነው የለበሰችው። ብብቱ ጠቧታል፤ እጇን ስትዘረጋልኝ አየሁት። የለካሁት እኔ ነኝ።

ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን ዒዳዬን ጨርሼ ወደ ገበያ ወጣሁ። የስፌት መኪናውን ልጄ፣ አባትሽ፣ ወሰደው። ቆርቆሮውን እኔ ያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመት ብዙ ነው፤ የምነግርሽ የለኝም። በርበሬ ሸጥኩ። በርበሬ፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ። አባትሽ አገባ፣ አንቺ ተወለድሽ፣ ወንድሞችሽ ተወለዱ፣ በእናቴ ቋንቋ አኮ፣ አያት፣ ብላችሁ ጠራችሁኝ። ደስ ይለኝ ነበር ይሆናል። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ።

ሳል የጀመረኝ መቼ እንደሆነ አላውቅም። በርበሬ የሚሸጥ ሰው ሳሉን ማን ይቆጥራል? ስሰፍር አስላለሁ፣ ሳበጥር አስላለሁ። ጎኔ የምትቀመጠው ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ምላሷ አያርፍም፤ ገዢ ሲያልፍ፣ «ነይ፣ እዚህ ግዢ፣ ሻጯን ያስለቀሰ በርበሬ ነው፤ ሳሏ ማስታወቂያዋ ነው!» ትላለች። እውነትም ይገዙኝ ነበር። ከስቻለሁ፤ ግን የኛ ቀሚስ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ሰው ቢያልቅም አያሳብቅም። ሱሪ ብለብስ ኖሮ አውቅ ነበር።

አንቺ ነሽ ያወቅሽው። የላቦራቶሪ ትምህርትሽን ለዕረፍት ትተሽ መጥተሽ፣ አንድ ክፍል ስንተኛ ሰማሽኝ። ጠዋት ላይ፣ «አኮ፣ እቤትም በርበሬ ታበጥሪያለሽ እንዴ?» አልሽኝ። የገባኝ ያኔ ነው።

አክታዬን ሰጠሁ። አለብሽ አሉኝ። ደነገጥሽ እንጂ እኔ አልደነገጥኩም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩሽ። «ከማን ያዘኝ?» አልኩሽ። «ከማንም ይሆናል፤ ገበያ ውስጥ ነው የምትውዪው» አልሽኝ። «ከአያትሽ ይሆን?» አልኩ። «አይታወቅም» አልሽ። ቆየሽና፣ «ሊሆን ይችላል» አልሽ።

እሱ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ልጆች ተወልደው አግብተዋል። ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበረ? ይሄ ነው ያልገባኝ፤ አንቺም እቤት ነደባው ላይ፣ ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ፣ እግርሽን አጣጥፈሽ ስታስረጂኝ አመሸሽ።

«ሰውነታችን ውስጥ ጠባቂ አለ፣ አኮ። ከነጭ ደም ነው። ባዕድ ነገር ሲገባ ይውጠዋል።»

«እንደ ጅብ በይኛ።» እዚህ ጅቡ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ቆሻሻውን ጠርጎ እንደሚሄድ ማን የማያውቅ አለ።

«አዎ፣ እንደ ጅብ። ከዋጠ በኋላ የሚያቃጥል ነገር ያፈስበታል፣ ከሎሚ የባሰ። ምግብ ይከለክለዋል። አየር ያሳጣዋል። ሌላው ጀርም እዚያው ያልቃል።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው መጥፎ ቦታ መግባቱን ያውቃል። ሲያቃጥለው፣ ሲርበው፣ ውስጡ እንደ ደወል የሚጮህ ነገር አለ። ያ ደወል ሲጮህ ሥራውን ሁሉ ይቀይራል። መዋለድ ያቆማል። ልብሱን ያወፍራል፣ እንደ ሰም ያለ ልብስ አለው። ውስጡ የተጣመመበትን የሚያቃኑ፣ የተሰበረበትን የሚጠግኑ ነገሮች ያወጣል። የሚያቃጥለውም ነገር በደንብ እንዳይፈስበት ጠባቂውን ያታልለዋል። ከዚያ ቁጭ ይላል።»

«ጅቡ ሆድ ውስጥ?»

«ጅቡ ሆድ ውስጥ።»

«እስከ መቼ?»

«ጠባቂው እስኪደክም። ሰውየው እስኪያረጅ፣ ሌላ በሽታ እስኪያደክመው። ሳይነሳ የሚቀርም አለ።»

«ማን ገብቶ አየው ይሄን?» አልኩሽ። የዚያን ጊዜዋን የሲስተሯን ዝምታ እያሰብኩ ነው። አንቺ ግን ዝም አላልሽም፤ ጠባቂዎቹን በብርጭቆ ዕቃ አሳድገው፣ ጀርሙን አብልተው፣ በማይክሮስኮፕ እንደሚያዩ ነገርሽኝ። ሰው ሥራ አጣ እንዴ አልኩ።

ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ጠየቅኩሽ። አንቺም፣ «መድኃኒቱ ብዙውን የሚገድለው ሲሠራ አግኝቶት ነው። ግድግዳውን ሲገነባ ደርሶ ያበላሽበታል። የማይገነባውን ምኑን ያበላሽበት? የነቁት መጀመሪያ ያልቃሉ፣ ያኔ ሳሉ ይቆማል። የተኙት ግን አሉ። እነሱን ቀስ ብሎ የሚያገኝ መድኃኒት አለ፣ ግን ብዙ ወር ይፈልጋል። በመሀል ከተተወ የተረፉት ይነሳሉ፤ አንዳንዴም መድኃኒቱን የለመዱት ናቸው የሚበዙት» አልሽ።

እጄ የቁልፉ ቆርቆሮ ላይ ነበር። ለምን እንዳወረድኩት አላውቅም።

«አይበላም፣ አይዋለድም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል» አልኩሽ። «ይጾማል በይኛ።»

ሳቅሽ። «አኮ፣ ኒያ፣ የመጾም ሐሳብ፣ የለውም እኮ!»

«ኒያ ከሌለው ረሃብ ነው።»

«ረሃብ ነው። ረሃቡን ግን ይችለዋል።»

ያኔ ነው ስለ አያትሽ ሱሪ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ቆርቆሮው የነገርኩሽ። ያን ረመዳን እሱም ጾመ፣ ውስጡ ያለውም ጾመ። እሱ ማታ ማታ በልቶ አፈጠረ፣ ያኛው ጠበቀው። ድኛለሁ ሲል አልዋሸም። የዳነ ነበር የሚመስለው፤ እኔም አይቼዋለሁ፣ ሱሪውንም አይቻለሁ፣ ድምፁንም ሰምቻለሁ። ሲስተሯም አላወቀችም ነበር እንጂ እንዲህ ብላ ብታስረዳው፣ እንጃ፣ ይሰማት ነበር ይሆናል። የክርክር ሰው ነው፤ ጅቡን ቢሰማ ይወደው ነበር።

ከእሱ ምን ቀረኝ ብዬ አስቤ አውቃለሁ፣ ቆርቆሮው ነው እል ነበር። ለካ ሌላም ነገር ኖሮኛል ይሆናል፣ ደረቴ ውስጥ፣ ሕይወት ያለው። ይሄን ስነግርሽ ፊትሽን አዞርሽ። እኔ እንዲሁ ነው ያልኩት።

መድኃኒት ጀመርኩ። አሁን መርፌ የለውም፣ ክኒን ነው። ሽንቴ ቀይ ሆነ፤ አልደነገጥኩም። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ እውጣለሁ። የሚሰጠኝ ነርስ ወንድ ነው፣ ልጅ እግር፣ እናቴ ነው የሚለኝ። ሳሉ ቆመ። ሽንኩርት ሻጯ፣ «ምነው ዝም አልሽ፣ ገበያው ቀዘቀዘብን» አለችኝ። እንጀራ አማረኝ፣ ሥጋ አማረኝ። ጉንጭሽ ሞላ አላችሁኝ።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ልክ እንደሱ፣ ልክ በደህናዬ ጊዜ።

ትምህርትሽን ጨርሰሽ ተመልሰሻል፤ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ታዪኝ እንደነበር አውቃለሁ። ምንም አትዪም፤ ውሃ ስቀዳ ታዪኛለሽ፣ ዱዓ ሳደርግ ታዪኛለሽ። እኔም ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ሙሉ ሰው ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ፣ ረመዳን ነው። ሰውነቴ ሁሉ ጹሚ ይለኛል። የማያዩት ጠላት አለብሽ ተብሎ ውሃ መጠጣት፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ እጄ ላይ ያለውን ንጹህ ጨርቅ ቆሽሿል ብሎ እንደማጠብ ነው።

የሰፈሩን ሼኽ ሄጄ ጠየቅኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ አያትሽን ያውቁታል።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» አሉኝ።

«አልዳንሽም አለኝ። ከስተሽ ነበር፣ ክኒኑም ከባድ ነው፣ አትጹሚ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ድኛለሁ።»

«ማን ነው የሚያውቀው፣ አንቺ ነሽ እሱ?»

ቀጠሉና፣ «ሂጂ፣ ብይ፣ ጠጪ። ስትድኚ ቀዳ ታወጫለሽ፣ ካልቻልሽ ለሚስኪን ታበያለሽ» አሉኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝ። «የሱን ጊዜ ጠይቆኝ ቢሆን ይሄንኑ ነበር የምለው። አልጠየቀኝም» አሉ። ዓይናቸውን ጠራረጉ፤ ሕመም ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ጾመኛ ናቸው፤ ከከንፈራቸው ይታወቃል። ነርሱ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ እዚህ ሰው ፊት ከከበድዎት ለሳምንት ልስጥዎ፣ እቤት ይዋጡት። የልጅ ልጅዎ ላቦራቶሪ ነው የተማረችው፣ እሷ ታያለች» አለኝ።

ልጁ ደግ ነው። ጥቅልሉንም አዘጋጅቶ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ሲስተሯ ከጡቷ ሥር ካወጣችው ጋር አንድ ነው ባልልሽም ያንኑ ያህላል። እጄ ግን ወደሱ ሊሄድ ሲል አየሁት።

«የለም» አልኩት። «ቤቴ ቆርቆሮ አለ።»

«ምን አሉ?»

«እዚሁ ስጠኝ። በቀን። አንተ እያየህ።»

ብርጭቆውን ሞልቶ ሰጠኝ። ክኒኑን ምላሴ ላይ አደረግኩ። አጠገቤ አንዲት የማላውቃት ሴት ልጇን ታቅፋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየች። ቢስሚላህ አልኩና ጠጣሁ። ውሃው ለብ ያለ ነው። ብርጭቆውን ጨረስኩት። አፌን ከፈትኩ፣ ልጁም አየ። ጀነት ተዘግቶብኝ እንደሆነ ለማወቅ ጠበቅኩ መሰለኝ። ምንም አልነበረም። ቀይ ሽንት ነው፣ እሱንም ለምጄዋለሁ።

ከዚያ ገበያ ወረድኩ። ሽንኩርት ሻጯ ገና ሳልቀመጥ አፌን አየች።

«አንቺ! ከንፈርሽ ርጥብ ነው።»

«ጠጥቻለሁ።»

«ሱብሓነላህ! ምን ሆነሽ?»

«ታምሜያለሁ።»

«ምንሽን ነው የታመምሽው? ከኔ አንቺ አልወፈርሽም? ሳልሽስ ቆሞ የለም?»

«ቆሟል።»

«ታዲያ?»

አያትሽን ያቃተው ይሄ ነበር። ሱሪውን ለብሶ፣ ድምፁ ተመልሶ፣ ሰው እየሰማ ይሄን ማለት። እኔ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም፤ አንቺ ጅቡን ስለነገርሽኝ ነው።

«ሳምባዬን» አልኳት። «በሽተኛ ነኝ።»

ዘንቢሏን ከእኔ ፈቀቅ አደረገችው። ነጩ ሽንኩርት ላይ ነጠላዋን ጣል አደረገችበት። አልከፋኝም፤ ቀድሞ ሳስል ብታርቀው ይሻል ነበር፣ አሁን በሽታው ወደ ሰው አያልፍም ብለውኛል። ፀሐይዋ ስትዞር እሷ ያለችበት ቦታ ጠራራ ሆነ። ትንሽ ቻለችው። ከዚያ ዘንቢሏን እየጎተተች ወደኔ ጥላ ተመለሰች። «ጥላሽ ያዘኝ እንጂ አንቺን ብዬ አይደለም» አለችኝ። «እኔስ መች ጠራሁሽ» አልኳት።

ረመዳኑ ግማሹ ሄዷል። በየቀኑ ሄጄ እውጣለሁ። አንዳንድ ቀን ኢፍጣር ላይ እናንተ ተምር ስትነክሱ እኔም እነክሳለሁ፣ ግን እንደ እናንተ አይጣፍጠኝም። እሱም ይሁን። ዒድ ይመጣል፣ ሹዋሊድ ይመጣል፣ መድኃኒቱ ከዚያም ያልፋል። ሲያልቅ፣ ካለሁ፣ ቀዳዬን አወጣለሁ፤ በቀዝቃዛው ወር፣ ቀኑ አጭር ሲሆን።

አንድ ነገር ቀረ፣ እሱንም ጻፊው። ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ ነው ያለው። ትናንት እኔ ሶላት ላይ ስሆን አውርደሽ ከፍተሽ ስታዪ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ክዳኑ ይጮሃል። የልብስ ቁልፍ ብቻ ነው ያለበት፣ ክኒን የለም፣ አየሽ አይደል? አልተቆጣሁም። ነገም ክፈቺው።